ብዙ ፍቺ ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ጣሊያንኛ እንዴት መተርጎም ይቻላል?

በጎጃም እንግዳ የሚያስጎበኙ ልጆች እንግሊዝኛ አያንሳቸውም። ጣጣው የሚመጣው እንግዳው ጣሊያናዊ ሲሆንና እንግሊዝኛው ሲያጥረው ነው። ያኔ ስልክ ይወጣል፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይጻፋል፣ የመጣው ጣሊያንኛ ይነበባል። እንግዳው ግራ ይጋባል።

«ፕለግ»ን እንውሰድ። ሶኬት ላይ የሚሰካውም፣ ሞተር ውስጥ እሳት የሚሰጠውም፣ የእጅ መታጠቢያ ቀዳዳ የሚደፍነውም በእንግሊዝኛ ፕለግ ነው። ጣሊያንኛ ለሦስቱም የተለያየ ስም አለው። የሞተር ሳይክሉ እሳት እምቢ ላለው ሰው የሶኬቱን ስም ብትነግሩት ምን ይፈይድለታል?

ስለዚህ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ተዉትና ነገሩን በአማርኛ ግለጹት። የት ነው ያለው? ምን ይሠራል? «የሚሰካ»፣ «እሳት የሚሰጥ»፣ «የሚደፍን» ብላችሁ ጻፉ። የምትፈልጉት ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው።

መዝገበ ቃላት ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ ጋራዥ ጎራ በሉ። አልቀለድኩም። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ያለ መካኒክ እሳት የሚሰጠውን «ካንዴላ» ይለዋል። ይሄ ጥርት ያለ ጣሊያንኛ ነው። ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታም ከዚያው የመጡ ናቸው። አንዳንዱ ጫፉ ተቆርጧል፤ የእኛ ፍሬን ለጣሊያናዊው ፍሬኖ፣ ኮፈን ደግሞ ኮፋኖ ነው። በላይ ዘለቀና ሌሎች የጎጃም አርበኞች የተዋጉት ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ፤ የመኪናው ቋንቋ ግን እዚሁ ቀረ።

የቀሩትን መዝገበ ቃላት ይሰጣችኋል። የሚሰካው ስፒና፣ የሚደፍነው ታፖ ነው። ደህና መዝገበ ቃላት ከየፍቺው ፊት «መኪና»፣ «ኤሌክትሪክ» የሚል አጭር ምልክት ያደርጋል። እሱን ሳታዩ የመጀመሪያውን ቃል አትዝገኑ።

አሁን ያገኛችሁትን ገልብጡት፤ ጣሊያንኛውን ወደ እንግሊዝኛ መልሳችሁ ፈልጉ። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፣ ለእኔ ግን ዋናው ይሄ ነው። ጣሊያንኛውም የራሱ ብዙ ፍቺ አለዋ! ካንዴላ ሻማም ነው። ስፒና እሾህም፣ የዓሣ አጥንትም ነው (ጣና ዳር ዓሣ የምታቀርቡ ይሄኛውን ያዙ)። ድራፍት እንኳ «ቢራ አላ ስፒና» ነው የሚባለው። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አትላኩት፤ «ላ ካንዴላ ዴላ ሞቶ» ማለትም የሞተር ሳይክሉ ካንዴላ በሉ። ካንዴላና ስፒና በጣሊያንኛ ሴት ናቸው፣ «ላ» ይቀድማቸዋል። ታፖ ወንድ ነው፣ «ኢል ታፖ» ይባላል።

ግስ ሲሆን ይብሳል። «ራን»ን ተመልከቱ። እዚህ ላይ አድራጊው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሰው ከሆነ ይሮጣል፣ ኮሬሬ። ሞተር ከሆነ ይሠራል፣ ፉንትሲዮናሬ። ዓባይ ከሆነ ይፈሳል፣ ስኮሬሬ። ሆቴል የሚያስተዳድር ሰው ከሆነ ደግሞ ጄስቲሬ። አማርኛው አራቱን አስቀድሞ ለይቶላችኋል፤ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በአማርኛው ብትመሩ ይሻላል።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ ጣሊያንኛውን ቃል ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ፎቶ ፈልጉና ለእንግዳው አሳዩት። ሻማ ከመጣባችሁ «ዴላ ሞቶ» የሚለውን ረስታችኋል ማለት ነው፤ ጨምሩበትና እንደገና ሞክሩ።