አሮጌ ኮምፒውተርን የአኒሜ ልጃገረድ አድርጎ እንዴት መሣል ይቻላል

እ.ኤ.አ. በ2003 ጃፓናውያን አድናቂዎች ሥራ መሃል እየቆመ ያስቸግር የነበረውን የማይክሮሶፍት የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ዊንዶውስ ሚን፣ የነካችው ሁሉ የሚበላሽባት ምስኪን ልጃገረድ አድርገው ሣሉት። ልጅቷን ተወዳጅ ያደረጋት የልብሷ ምልክት አይደለም፤ ጠባይዋ የማሽኑ ጠባይ መሆኑ ነው። አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ለመሣል ስትነሡም ከዚያው ጀምሩ።

ለምሳሌ ዜድኤክስ ስፔክትረምን እወስዳለሁ። የእንግሊዙ ሲንክሌር ኩባንያ በኤፕሪል 1982 ያወጣው፣ ዋጋው ከ125 ፓውንድ የሚጀምር፣ ብዙ እንግሊዛውያን ወጣቶች ፕሮግራም መጻፍ የተማሩበት ማሽን ነው።

መጀመሪያ ተጠቀሙበት። እጃችሁ ላይ ከሌለ ኢሙሌተር (አሮጌውን ማሽን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ጫኑ። የስፔክትረም ጨዋታ የሚጫነው ከድምፅ ካሴት ነበርና አንዱን ከካሴት ቅጂ ክፈቱ፤ መጠበቂያውን የሚያሳጥረውን ምርጫ ግን አጥፉት። ለደቂቃዎች ሲጮህ ትሰማላችሁ፤ በስክሪኑ ዙሪያም መጀመሪያ ቀይና ውሃ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሰማያዊና ቢጫ መስመሮች ይሯሯጣሉ። በእውነተኛው ካሴት ሲሆን ደግሞ ሊያልቅ ሲል «የቴፕ ስሕተት» ብሎ የሚያቆምበት ጊዜ ነበር። ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ።

ቀጥሎ የጻፋችሁትን ወደ ሰው ጠባይ መልሱት። ስፔክትረም ላይ በመስመር መጀመሪያ «ፒ»ን ስትጫኑ የሚወጣው ፊደሏ ሳይሆን «ፕሪንት» የሚለው ሙሉ ትእዛዝ ነው፤ «ጄ» ደግሞ «ሎድ» (ከካሴት ጫን) ትሆናለች። ስለዚህ የእኔዋ ልጅ ገና አፋችሁን ስትከፍቱ ቃሉን ትጨርስላችኋለች። አዲስ ነገር ስትማር ግን ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ ታንጎራጉራለች፤ መሃል ላይ ካቋረጣችኋት ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ቁመናዋ ብዙ አያስቸግርም። ማሽኑ 23 በ14 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ደቃቃ አድርጓት። (ሻርፕ በ1987 ያወጣው ኤክስ68000 ቢሆን ኖሮ፣ ቀፎው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ማማዎች ስለሆነ፣ ረጅም፣ ፀጉሯ ለሁለት የተጎነጎነ ልጅ ትመጣ ነበር።)

ልብሷ ላይ ቁጥብ ሁኑ። የቁልፍ ሰሌዳ ጭንቅላቷ ላይ መትከል የጀማሪ ፈተና ነው። ጥቁር ቀሚስ አልብሷት፤ ከ40ዎቹ ግራጫ የጎማ ቁልፎች ጥቂቶቹን የቀሚሷ ቁልፍ አድርጓቸው። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል መስጠቱ እዚህ ላይ ያግዛል። በማሽኑ ቀኝ ጥግ በሰያፍ የሚያልፈውን ቀስተ ደመና ደግሞ በቀሚሷ ጫፍ እንደ ጥለት አሳልፉት፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ውሃ ሰማያዊ። አራተኛውን እንዳትተዉት፤ ሦስቱ ብቻቸውን ከቀሩ የእኛ ሰው የሚያየው ባንዲራ ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለቀለሙ ይሁን። የስፔክትረም ስክሪን 256 በ192 ነጥብ ቢሆንም ለእያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ቀለም የለውም። ስክሪኑ ስምንት በስምንት ነጥብ በሆኑ 768 ካሬዎች ተከፍሎ፣ አንዱ ካሬ ሁለት ቀለም ብቻ ይይዛል። ርካሹ ሞዴል 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ብቻ ስለነበረው መቆጠብ ነበረበት፤ በዚህ ዘዴ አንድ ሙሉ ምስል በ6,912 ባይት ያልቃል። ታዲያ ቀይ የለበሰ ሰው በአረንጓዴ ዛፍ ፊት ሲያልፍ የዛፉ ቁራጭ አብሮ ይቀላል። ይህን አትደብቁት፤ የልጅቷ ውበት እሱ ነው። ወረቀቱን በቀጭን እርሳስ በካሬ አስምሩ፤ ፀጉሯ ትከሻዋን በሚነካበት ካሬ የፀጉሯ ቀለም ወደ ትከሻዋ ይፍሰስ። ሁሉም ቦታ ካደረጋችሁት የእጅ ስሕተት ይመስላል። እኔ ከፀጉሯ ጫፍና ከጣቶቿ አላልፍም፦ ሰው ስትነካ፣ የተነካው እጅጌ ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ የእሷን ቀለም ይይዛል።

ሲያልቅ ማሽኑን ለሚያውቅ ሰው ያለ ስም አሳዩት። ያወቀው በቀስተ ደመናው ብቻ ከሆነ ወደ ማስታወሻችሁ ተመለሱ። «ቆይ፣ እየጫነች ነው እንዴ?» ካለ ግን ስም አውጡላት።