የአውስትራሊያን የፉቲ ፍጻሜ ስታዩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሴፕቴምበር ሲገባደድ ሜልበርን ሌላ ወሬ የላትም። ፉቲ በእግርም በእጅም የሚጫወቱት የአውስትራሊያ ፉትቦል ነው፤ ግራንድ ፋይናል የሚሉት የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ይካሄዳል። ከ2015 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዋዜማው ዓርብ ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት በዓል ሆኖ ሥራ ይዘጋል። ወቅቱ ከእኛ መስቀል ጋር ጎን ለጎን ነው፤ በ2025 እንዲያውም ሁለቱ በአንድ ቀን ዋሉ። በሜልበርኑ ሰፈር በፉትስክሬይና አካባቢው የሚኖረው ወገናችን ግን ጨዋታውን በለመደው የእግር ኳስ ዓይን ስለሚያየው ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ጎል ብቻ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። በሜዳው በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች አሉ። በመካከለኞቹ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች መሃል ተመትታ ያለፈች ኳስ ጎል ናት፤ 6 ነጥብ ታስገኛለች። በረጅሙና በዳር ባለው አጭር ቋሚ መሃል ካለፈች ቢሃይንድ ትባላለች፤ ዋጋዋ 1 ነጥብ ብቻ ነው። ሰሌዳው 12.18.90 ካለ 12 ጎል፣ 18 ቢሃይንድ፣ ድምር 90 ነጥብ ማለት ነው። ኮሊንግዉድ የ2023ን ዋንጫ የወሰደው በዚህ ውጤት ነው። ተሸናፊው ብሪዝበን 13.8.86 ነበረው። አዎ፣ በጎል የበለጠው ብሪዝበን በ4 ነጥብ ዋንጫውን አጣ!

የፍጻሜን ታሪክ ለማወቅ የምፈልግ ሰው ብሆን መጀመሪያ የማየው ያችን የመሃሏን ቁጥር ነው። በ1966 ሴንት ኪልዳና ኮሊንግዉድ እኩል 10 ጎል አግብተው ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ባሪ ብሪን የመታት ኳስ ቢሃይንድ ሆነች፤ ሴንት ኪልዳም በ1 ነጥብ አሸነፈ። ክለቡ እስከ ዛሬ ያለው ዋንጫ ያ አንዱ ብቻ ነው። የ1948ቱ ደግሞ ልብ ይሰብራል። ኤሰንደን 7.27.69፣ ሜልበርን 10.9.69፤ አቻ። ኤሰንደን ያን ሁሉ ዕድል ፈጥሮ 27 ጊዜ ከመሃለኞቹ ቋሚዎች ውጪ ሰደደው፤ ጨዋታው ሲደገም ዋንጫው የሜልበርን ሆነ። ስለዚህ ቢሃይንድ ስትቆጠር «ሳተ» ብላችሁ ፊታችሁን አታዙሩ።

ቋሚ ነክታ የገባችን ኳስ ጎል ማለት

በእግር ኳስ ቋሚውን ታክካ የገባች ኳስ ታስጨፍራለች። እዚህ ግን ቢሃይንድ ናት። በ2009 ፍጻሜ የጂሎንጉ ቶም ሆኪንስ የመታት ኳስ ቋሚውን ነክታ ሳለ ጎል ተብላ ጸደቀች፤ ጂሎንግ ሴንት ኪልዳን በ12 ነጥብ አሸነፈ። ዛሬ እንዲህ ያለውን በቪዲዮ ያጣራሉ።

«ከጨዋታ ውጪ!» ብሎ መጮህ

እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ኳስን በእጅ መወርወር ግን ክልክል ነው፤ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ጭብጥ መምታት ያስፈልጋል። ቢያንስ 15 ሜትር ተመትታ የመጣችን ኳስ አየር ላይ የያዘ ተጫዋች ማርክ ስለሚሰጠው ማንም ሳይነካው ይመታል። ዓይኑ ኳሷ ላይ ካለ በተጋጣሚው ጀርባ ላይ ቢዘል እንኳ ዳኛው ዝም ይላል። በ2005 ሲድኒ ዌስት ኮስትን በ4 ነጥብ እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ሊዮ ባሪ በተጫዋቾች ክምር መሃል ዘሎ ኳሷን ያዘ። ክለቡም ከ72 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሳ።

የሰንጠረዡን መሪ ሻምፒዮን ማለት

እንደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አይደለም። አንደኛ ሆኖ መጨረስ ለቀጣዩ የጥሎ ማለፍ ዙር ጥሩ መነሻ ይሰጣል እንጂ ዋንጫው የሚገኘው በፍጻሜው ቀን ነው። የፉትስክሬይ ልጆች የሆኑት ዌስተርን ቡልዶግስ በ2016 ሰባተኛ ሆነው ነው የጨረሱት። ፐርዝና ሲድኒ ድረስ ሄደው አሸነፉ፤ በፍጻሜውም ሲድኒን 89 ለ67 ረቱ። ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። አምበሉ ቦብ መርፊ በዓመቱ መጀመሪያ ጉልበቱን ተጎድቶ ፍጻሜውን አልተጫወተም። አሰልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ ወደ መድረኩ ጠርቶት የራሱን ሜዳሊያ አጠለቀለት። እኛ ቡና ጠጥተን፣ እንጀራ በልተን በምንውልበት ሰፈር ያለ ክለብ ነውና ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

በእረፍት ሰዓት ተስፋ ቆርጦ መነሳት

በ1970 ካርልተን በእረፍት በ44 ነጥብ ተመርቶ ነበር። 121,696 ተመልካች ፊት ኮሊንግዉድን በ10 ነጥብ አሸነፈ። ከጨዋታው አራት ክፍሎች እያንዳንዱ (ሩብ ይሉታል) 20 ደቂቃ ነው ቢባልም ኳስ ስትቆም ሰዓቱም ስለሚቆም ብዙ ጊዜ ወደ 30 ይጠጋል።

አቻ ከወጡ ይደገማል ብሎ መጠበቅ

በ1948፣ በ1977 እና በ2010 ተደግሟል። ከ2016 ወዲህ ግን ያ ቀርቶ በዚያው ቀን ጭማሪ ሰዓት ይጫወታሉ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታዩ ደግሞ በሰዓት እንዳትሳሳቱ። በቅርብ ዓመታት እንደነበረው ጨዋታው በሜልበርን ከቀትር በኋላ 2:30 ላይ ከጀመረ፣ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው።