ፕሮቴክሽን ቪዛ ትሪቡናሉም ጋ ውድቅ ሲሆን፦ ፍርድ ቤት የሚያየው ምኑን ነው?

አውስትራሊያ ውስጥ ፕሮቴክሽን ቪዛ (ለስደተኞች የሚሰጠውን የጥበቃ ቪዛ) ጠይቀው ኢሚግሬሽንም፣ የኢሚግሬሽንን ውሳኔ እንደገና የሚያየው ትሪቡናሉም እምቢ ያሏቸው ወገኖቻችን ፍርድ ቤት የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ታሪካቸውን እንደ አዲስ ለመናገር ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ስደተኛ ነዎት ወይስ አይደሉም የሚለውን አይወስንም። ቪዛም አይሰጥም። የሚመረምረው ትሪቡናሉ ሲወስን ሕጉን ተከትሎ እንደሆነ ነው። ጁሪስዲክሽናል ኤረር የሚሉትን ከባድ የሕግ ስህተት ካገኘ ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወደ ትሪቡናሉ ይመልሰዋል።

ከሁሉም በፊት ቀኑን ይያዙ። ማመልከቻው ፌዴራል ሰርኪት ኤንድ ፋሚሊ ኮርት ወደሚባለው ፍርድ ቤት በ35 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የሚቆጠረውም ደብዳቤው ከደረሰዎት ቀን ሳይሆን ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ነው። ኢሜይሉ ለማይግሬሽን ኤጀንትዎ (የቪዛ ጉዳይዎን ለያዘው ወኪል) ደርሶ እሱ ከሳምንት በኋላ ቢደውልልዎት፣ ያ ሳምንት ተበልቷል ማለት ነው። ቀኑ ካለፈ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል። ግን ለምን እንደዘገዩ በጽሑፍ ማስረዳት ይኖርብዎታል፤ ኬዝዎ ተስፋ ያለው መሆኑም ይታያል።

ከዚያ እርሳስ ይዘው ውሳኔውን ያንብቡ። እንግሊዝኛው ከከበደዎት የሚያነብልዎት ሰው ይፈልጉ። አንቀጾቹ ቁጥር አላቸው። ለምሳሌ በፖለቲካ አቋሜም በብሔሬም እፈራለሁ ብለው ከነበረና ውሳኔው የብሔሩን ነገር ጭራሽ ሳይነካ ካለፈ፣ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። አስተርጓሚው ዋና መልስዎን አዛብቶት ከሆነ የትሪቡናሉን ችሎት የድምፅ ቅጂ ይጠይቁ። ያልተነገረዎትን መረጃ ይዘው ፈርደውብዎት ከሆነም ያንን ይጻፉ። «አላመኑኝም» ብቻውን አያስኬድም። እውነቱን ለተናገረ ሰው ይህ በጣም እንደሚያም አውቃለሁ። ዳኛው ፊት የሚሠራው ግን «እዚህ አንቀጽ ላይ ይህንን ሳያዩ አልፈዋል» የሚል ነገር ነው። ከውሳኔው በኋላ ከአገር ቤት የመጣ አዲስ ማስረጃም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ አይረዳም።

ከማመልከቻው ጋር አፊዳቪት (በመሐላ የተረጋገጠ የጽሑፍ ቃል) እና የውሳኔው ቅጂ ይገባል። አፊዳቪቱን የሚያስምል ጀስቲስ ኦፍ ዘ ፒስ በብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ይገኛል። እሱ ፊት ሳይቀርቡ እንዳይፈርሙ። የማመልከቻ ክፍያው ካቃተዎት ቅናሽ ይጠይቁ። ከተሸነፉ ግን በክርክሩ ተቃራኒ ወገን የሚሆነውን የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩን ጠበቆች ወጪ እንዲከፍሉ ሊታዘዙ ይችላሉ፤ ብዙ ሺህ ዶላር ነውና ይህንን አስቀድመው ይወቁት።

ብሪጅንግ ቪዛውን (ጉዳይዎ እስኪያልቅ የሚቆዩበትን ጊዜያዊ ቪዛ) አይርሱ። ፍርድ ቤት ስላመለከቱ ብቻ አይራዘምም። ሳያልቅ ኢሚግሬሽን ጋ ለአዲስ ያመልክቱ።

ማይግሬሽን ኤጀንት ጠበቃ ካልሆነ ፍርድ ቤት ሊቆምልዎት አይችልም። «እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ካጋጠመዎት ገንዘብ አይስጡ። ሜልበርን ላሉ ፉትስክሬይ የሚገኘው አሳይለም ሲከር ሪሶርስ ሴንተርና ሬፊውጂ ሊጋል፣ ሲድኒ ላሉ ደግሞ ራክስ የሚባለው የስደተኞች የሕግ ድርጅት አሉ። ወረፋ ስላለ በመጀመሪያው ሳምንት ይደውሉ።

ስሜ ይወጣል ብለው የሚፈሩም አሉ። ፍርድ ቤቱ የፕሮቴክሽን ቪዛ አመልካችን ስም አያወጣም፤ በፊደልና በቁጥር ነው የሚጠራዎት። አስተርጓሚም ፍርድ ቤቱ በነፃ ያቀርባል፤ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፣ ቋንቋዎን ሲያመለክቱ ያሳውቁ።