የድሮ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ እውነተኛ ይሁን ቅጂ እንዴት ይለያል?

ሐረር ወይም ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ለሽያጭ ሲቀርብልዎ አብሮት ታሪክ መምጣቱ አይቀርም፤ የፈረንሳዊው ባለቅኔ የአርተር ራምቦ ስምም በቀላሉ ይጠራል። ራምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. ለምኒልክ ያመጣው ግን በዋናነት ጠመንጃ ስለ ነበር፣ ወሬውን ትተው ብረቱን ቢመረምሩ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት መጉረስ አለመጉረሱን ያረጋግጡ። እዚህ የምናገርላቸው፣ እንደ አሜሪካዊው የጦር መሣሪያ አምራች ኮልት የ1851 እ.ኤ.አ. ሞዴል ያሉት ሽጉጦች ቀለህ የላቸውም፤ ባሩዱና እርሳሱ በሚሽከረከረው ከበሮ አፍ በኩል ይጠቀጠቃሉ፣ ከኋላ ባሉት ትናንሽ ጉጦች ላይ ደግሞ እሳት የሚጭር የመዳብ ቆብ ይደፋል። በደረቅ ቦታ የቆየ ባሩድ ከመቶ ዓመት በኋላም ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ቆብ ካዩ ወይም የከበሮው ጉድጓዶች በእርሳስ ከተደፈኑ ቃታውን ሳይነኩ ለፖሊስ ያሳውቁ። ቅጂም ቢሆን የሚተኩስ መሣሪያ ነውና ከመግዛትዎ በፊት ስለ ፈቃዱ ይጠይቁ፤ ጉዳዩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።

ከዚያ በኋላ አጉሊ መነጽር ይያዙ። ከዘመናዊ ቅጂዎች አብዛኞቹ የተሠሩት በኢጣልያ ሲሆን፣ ከታወቁት አምራቾች አንዱ የሆነው ኡቤርቲ የተመሠረተው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። የኢጣልያ መፈተኛ ቤት በባሩድ የሚሠራን መሣሪያ ሲያጸድቅ ከኮከብ በታች «ፒ» እና «ኤን» የተባሉትን የላቲን ፊደላት ይመታበታል፤ በአራት ማዕዘን ውስጥ ያሉት ፊደላት ደግሞ ዓመቱን ይናገራሉ፣ ለምሳሌ ሁለት «ኤ» 1975ን ያመለክታል። ምልክቶቹን በአካሉና በበርሜሉ ጎን እንዲሁም ከመጠቅጠቂያው ዘንግ ሥር ይፈልጉ። ተፍቀው ከሆነም ብርሃን በአግድም ሲያበሩበት ቦታው በትንሹ ሰርጎ ይታያል፤ ይህ እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው ፍተሻ ነው።

የኮልት የ1851 የባሕር ኃይል ሞዴል ካሊበሩ (የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት) 0.36 ኢንች፣ አካሉም ብረት ነበር። የቃታው መከላከያ ናስ መሆኑ አያሳስብም፤ ከበሮውን የሚሸከመው አካል ናስ ሆኖ ካሊበሩ 0.44 ከሆነ ግን ኮልት እንዲህ ያለ ሞዴል አልሠራምና ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። በከበሮው ላይ የተቀረጸው የ1843ቱ የካምፔቼ የባሕር ውጊያ በቅጂዎችም ላይ ስለሚገኝ ምንም አያረጋግጥም።

ዝገቱንም ይመርምሩ። እውነተኛ ዕድሜ እጅና ማኅደር የሚነኩትን ጠርዝ ያለሰልሳል፣ የተሸሸገውን ስፍራ ግን ይተወዋል፤ በጨው ወይም በአሲድ የተበላ ቅጂ በአንጻሩ ውስጡም ውጪውም እኩል ይዝጋል። እውነተኛ መስሎ ከታየዎ በአሸዋ ወረቀትም ሆነ በሽቦ ብሩሽ አይፈግፍጉት፣ በስሱ የጠመንጃ ዘይት ይቀቡት እንጂ።