የልጃችሁን ስክሪን ማታ ማታ እንዴት ታስተካክላላችሁ?

ነገሩ የገባኝ መብራት በጠፋበት አንድ ማታ ነው። ሳሎኑ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የ7 ዓመቷ ልጄ ሶፋው ላይ ጋቢ ተከናንባ ካርቱን ታያለች። ጋቢውን ገለጥ ሳደርገው ፊቷ በሙሉ ሰማያዊ ሆኗል። ስልኩ ከአፍንጫዋ አንድ ስንዝር እንኳን አይርቅም፤ ብራይትነሱ ደግሞ ቀን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ስትጫወት እንደጨመረችው መጨረሻው ላይ ነው። ዓይኗን እያሻሸች «ይቆረቁረኛል» አለችኝ።

በማግስቱ ሄጄ ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል የተባለ የልጆች መነጽር ገዛሁ። ሻጩ ሌንሱ ላይ ሰማያዊ ሌዘር አብርቶ «ይኸው፣ አያሳልፍም» ሲለኝ አመንኩት። ማንበብ የጀመርኩት ከገዛሁ በኋላ ነው። ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚገመግመው ድርጅት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. 17 ሙከራዎችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። መነጽሮቹ ኮምፒውተር ላይ በመዋል የሚመጣውን የዓይን ድካም ቢያንስ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተራው መነጽር የተሻለ እንደሚቀንሱ የሚያሳይ ነገር አላገኘም። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም አይመክራቸውም። ስለዚህ መነጽሩን ተዉት። ገንዘቡን ለአንድ ጥሩ የጠረጴዛ መብራት አውሉት፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ፍርሃቱን ቦታ ቦታ እናስይዘው። ከስክሪን የሚወጣ ሰማያዊ ብርሃን የልጅን ዓይን ያበላሻል የሚል ማስረጃ የለም። ከፀሐይ የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃን ከስልኩ እጅግ ይበልጣል። ችግሩ ያለው እንቅልፍ ላይ ነው። ዓይናችን ጀርባ ላይ ቀንና ሌሊትን ለአእምሮ የሚናገሩ ሴሎች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚነቁት 480 ናኖ ሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ማታ እሱን ሲያዩ አእምሮ «ገና ቀን ነው» ብሎ የእንቅልፍ ሆርሞኑን፣ ሜላቶኒንን፣ ይይዘዋል። ልጆች ላይ ይሄ ይብሳል፤ ብሌናቸው ሰፊ ነው፣ የዓይናቸው ሌንስም ገና ጥርት ያለ ስለሆነ ብርሃኑን እንዳለ ያሳልፋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውን ጥቂት ልጆች ከመተኛታቸው በፊት ለአንድ ሰዓት ደማቅ ብርሃን ላይ አስቀምጠው ሲለኩ፣ ሜላቶኒናቸው 88 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ያ ብርሃን ከስልክ በጣም የጠነከረ ነው፤ ግን የልጅ ሰውነት ለብርሃን ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያሳያል።

መቆርቆሩ፣ መቅላቱና ራስ ምታቱስ? እሱ ከቀለሙ አይደለም። ልጅ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን ማርገብገብ ይረሳል፤ ስለዚህ ዓይኑ ይደርቃል። ስልኩ ሲቀርብ ደግሞ የዓይን ጡንቻ ሳያርፍ ይጨመቃል። ክፍሉ ጨልሞ ስክሪኑ ብቻ ሲያበራ ብሌኑ ለጨለማው ይሰፋል፣ ብርሃኑ ግን ፊት ለፊት ይገባበታል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ብራይትነስ፣ የክፍሉ መብራት፣ ርቀት፣ ሰዓት። ቀለሙ የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ወላጅ ግን ናይት ላይት የምትባለውን፣ ስክሪኑን ቢጫ የምታደርገውን ሴቲንግ፣ አብርቶ «በቃ ጨርሻለሁ» ይላል። ቀለሙን ወደ ቢጫ ቀይሮ ብራይትነሱን እንዳለ መተው ለእንቅልፍ የሚጠቅመው ትንሽ ነው።

ብራይትነሱን እንዴት ትለካላችሁ? ነጭ ወረቀት ውሰዱ። ስልኩ ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱና ወረቀቱን ጎኑ አድርጉት። ስክሪኑ ከወረቀቱ አጠገብ እንደ አምፖል ካበራ በዝቷል፤ ቀንሱ። ግራጫ ከመሰለ አንሷል። ሁለቱ ሲቀራረቡ ልክ ነው። ይሄን ልጄን ራሷን አስተማርኳት፣ አሁን እንደ ጨዋታ ትሠራዋለች። ቀንና ማታ በራሱ እንዲስተካከል ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ ገብታችሁ አዳፕቲቭ ብራይትነስ የሚለውን አብሩት። ማታ የመጨረሻው ዝቅታ ራሱ ከበዛባችሁ፣ አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ያላቸው ብዙ ስልኮች አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ኤክስትራ ዲም የሚል አላቸው። አይፎን ላይ አክሰሰቢሊቲ፣ ከዚያ ዲስፕሌይ ኤንድ ቴክስት ሳይዝ፣ ከዚያ ሬዱስ ዋይት ፖይንት ነው።

ወደ ክፍሉ ስንመጣ፣ ልጅ ጨለማ ውስጥ ስክሪን አይይ። ይሄ አንዱ የማልደራደርበት ነገር ነው። መብራቱ ከልጁ ጎን ወይም ከኋላው ይሁን፣ ስክሪኑ ላይ ግን አይንጸባረቅ። ብዙ ቤት የሚሰቀለው ያ ጥርት ያለ ነጭ አምፖል፣ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚለው፣ እሱ ራሱ ሰማያዊ የበዛበት ነው። ስልኩን አቢጭታችሁ እሱን አናት ላይ ካበራችሁ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «ዋርም» ስጡኝ በሉ፣ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚለውን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቻርጅ የምታደርጉትን አምፖል ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አስቀምጡት፤ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ተመትቶ ይለሰልሳል፣ ክፍሉም አይጨልምም። እሱም ከሌለ ያን ማታ ስልኩ ይቅር፣ ተረት ይነገር።

ርቀቱን በልጁ ክንድ ለኩ። ክርኑን ጉንጩ አጠገብ አድርጎ እጁን ወደፊት ይዘርጋ፤ ስልኩ ከጣቶቹ ጫፍ አይቅረብ። ለትንሽ ልጅ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢርቅ ይሻላል። ተኝቶ ማየት ይሄን ሁሉ ያበላሻል፤ እጁ ሲደክመው ስልኩ ፊቱ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ በማስደገፊያ አቁሙለት፣ ከዓይኑ ዝቅ ብሎ። ፌስ አይዲ ያለው አይፎን ካላችሁ፣ አይኦኤስ 17 ጀምሮ ስክሪን ታይም ውስጥ ስክሪን ዲስታንስ የሚል አለ። ልጁ ለረጅም ጊዜ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ሲያቀርበው ስክሪኑን ሸፍኖ «አርቀው» ይለዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ «አርቂው!» እያልኩ ከምጮህ እሱ ይሻላል።

አሁን ቀለሙ። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ ዲስፕሌይ፣ ናይት ላይት ነው። ሳምሰንግ አይ ኮምፈርት ሺልድ ይለዋል፤ ሌሎች ስልኮች ላይ አይ ኬር ልታዩት ትችላላችሁ። አይፎን ናይት ሺፍት፣ ዊንዶውስም ናይት ላይት ይሉታል። ስኬጁል አድርጉት፤ በእጅ የሚበራ ነገር ይረሳል፣ ቤት የምትውለዋ አያትም ሴቲንግ ስትፈልግ አትቸገርም። ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እንዲጀምር ከፈለጋችሁ ስልኩ ላይ የምትሞሉት 6:30 ፒኤም ወይም 18:30 ነው። አንድ ወዳጄ 12:30 ፒኤም ሞልቶ፣ የልጁ ታብሌት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ሲውል ተበላሸ ብሎ ሊያስጠግን ነበር። ከፀሐይ መጥለቅ ጋር የሚሄደው አማራጭ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል፤ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትጠልቃለች። ለንደን ላላችሁ ግን አይሆንም። እዚያ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው፤ እናንተ ሰዓቱን ራሳችሁ ሙሉ። የቢጫነቱን መጠን ደግሞ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ በአንዴ ከሆነ ልጁ «ተበላሸ» ብሎ ያጠፋዋል።

ቲቪው ይረሳል። ሱቅ ላይ እንዲያበራ ተብሎ ቪቪድ ወይም ዳይናሚክ ላይ እንዳለ ቤት ይገባል። ፒክቸር ሞድ ውስጥ ሙቪ ወይም ሲኒማ አድርጉት፤ ቀለሙም ወዲያው ይሞቃል። ብዙ ቲቪ ላይ የብርሃኑን ጉልበት የሚቀንሰው ብራይትነስ የሚለው ሳይሆን ባክላይት የሚለው ነው።

ሰዓት ላይ አጭር ልሁን። ልጁ ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚተኛ ከሆነ ስክሪኑ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋ፣ ስልኩም ሌላ ክፍል ይደር። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፣ ከዚያ ቢቀንስ ደግሞ ይሻላል ይላል።

በየ20 ደቂቃው 20 ሰከንድ 6 ሜትር ርቆ ያለ ነገር ማየት የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ለልጅ በሰዓት አይሆንም። እኛ ቤት አንድ ካርቱን ሲያልቅ መስኮት ጋ ሄዳ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ያሉትን ዲሾች ትቆጥራለች። ቆጥራ እስክትጨርስ ዓይኗ ያርፋል፣ ይርገበገባልም።

ከሁሉም በላይ ግን ቀን ውጭ ይዋሉ። ከሩቅ አለማየት፣ ማዮፒያ የሚሉት፣ ልጆች ቤት ውስጥ በዋሉ ቁጥር ይጨምራል። ታይዋን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን በቀን 120 ደቂቃ ውጭ እንዲያቆዩ ስትገፋ፣ ለዓመታት ሲጨምር የነበረው እይታቸው የደከመ ልጆች ቁጥር መውረድ ጀመረ። ግቢ ውስጥ ጥላ ስር መጫወት ራሱ ከሳሎን በብዙ እጥፍ ብሩህ ነው።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም ልጁ ዓይኑን እያጨናበሰ ካየ፣ ቲቪው ስር እየሄደ ከቆመ፣ ወይም አንገቱን አዘንብሎ ካየ ስክሪኑን ትታችሁ ዓይኑን አስመርምሩ። ልጆች «አይታየኝም» አይሉም፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያይ ይመስላቸዋል። እኔ የማደርገው ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ፊት ለፊት አቁሜ አንድ ዓይኗን በእጇ አስሸፍኜ ቁጥሮቹን ማስነበብ ነው፣ ከዚያ ሌላኛውን። በአንዱ ያነበበችውን በሌላው ካላነበበች ቀጠሮ እይዛለሁ።