ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ ስትጭኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን ስለሚያሠራው ነፃ ሲስተም፣ ስለ ሊኑክስ ሲጠይቅ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ምርጡ ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) የቱ ነው?» ይላል። መልሱን ፍለጋ ዩቲዩብ ላይ የሚያነጋም አለ። ጥያቄው ግን ዋናውን ነገር ረስቷል። ላፕቶፑ ምን ዓይነት ነው? ኢንተርኔቱስ? ሲበላሽ ማን ይረዳዋል? ዊንዶውስን ሳያጠፉ ሊኑክስን ጎን ለጎን መጫን፣ ዱዋል ቡት የሚባለው፣ ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። የሚከብደው ምርጫው ከእነዚህ ሦስቱ ጋር ሲጣላ ነው።

በካሊ መጀመር

የስህተቶች ሁሉ አለቃ ይኼ ነው። ካሊ ሊኑክስ ለደኅንነት ፍተሻ ባለሙያዎች የተሠራ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ለሊኑክስ አዲስ ለሆነ ሰው እንደማይመክሩት መመሪያቸው ላይ ጽፈዋል። እኛ ጋ ግን ሊኑክስን ዓይቶ የማያውቅ ልጅ በካሊ ይጀምራል። ጥቁሩ ስክሪን፣ የዘንዶው አርማ፣ «ሃከር» የመባል ጉጉት ነው የሚስበው። ከዚያ ድምፁ እምቢ ይላል፣ ዋይፋዩ ይጠፋል፣ የአሳይመንት ቀን ይደርሳል። ልጁም «ሊኑክስ አይረባም» ብሎ ፎርማት ያስደርጋል።

ሴኩሪቲ መማር የፈለገ ሰው አብዛኞቹን መሣሪያዎች ኡቡንቱ የሚባለው ዲስትሮ ላይ መጫን ይችላል። ካሊ ራሱ ካማረው ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ሌላ ሲስተም በሚያስኬደው ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ይክፈተው፣ ወይም ዲስክ ላይ ሳይጭን ከፍላሽ ያስነሳው። አርች የሚባለው ዲስትሮም ለጀማሪ ያው ነው። የአርች ዊኪ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የትኛውንም ዲስትሮ ብትጠቀሙ አንብቡት፣ ወርቅ ነው።

አጠገባችሁ ያለውን ሰው መርሳት

ይኼን ነጥብ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ከቴክኒኩ ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ያለ ልጅ ችግር ሲገጥመው የጎን አልጋውን ይጠይቃል። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ የሚያስተምር መምህር ግን እርዳታው በስልክ ወይም በቴሌግራም ነው። በስልክ የሚረዳችሁ ሰው እናንተ የምታዩትን ሜኑ በቃሉ ማወቅ አለበት። «ከታች በግራ በኩል ያለውን ተጫን» ሲላችሁ እዚያ ምንም ከሌለ ሁለታችሁም ትደክማላችሁ።

ስለዚህ ጓደኛችሁ ሚንት የሚባለውን ዲስትሮ ከሆነ የሚጠቀመው፣ ሚንት ጫኑ። ማንም ከሌላችሁ ኡቡንቱ ወይም ሚንት ይሁን። ችግራችሁን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የሌላ ሰው መልስ በቀላሉ የሚገኘው ለእነዚህ ነው። ሚንት የተሠራው ኡቡንቱ ላይ ስለሆነ የአንዱ መፍትሔ ብዙ ጊዜ ለሌላውም ይሠራል።

ላፕቶፑን ሳያዩ መምረጥ

4 ጊጋ ራም እና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላለው ላፕቶፕ መደበኛው ኡቡንቱ ይከብደዋል። ቀለል ያሉት የሚንት ኤክስኤፍሲኢ እትም ወይም ዙቡንቱ ይሻሉታል። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ካለ የፈለጋችሁትን ምረጡ። እንዲያውም ዲስትሮ በመቀያየር ከመድከም፣ ገንዘብ ካለ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

በጣም አዲስ ላፕቶፕ ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለው። አዲስ ዋይፋይ ቺፕ አዲስ ከርነል፣ ማለትም አዲስ የሊኑክስ እምብርት፣ ይፈልጋል። ዴቢያን የተረጋጋ ነው፤ ከርነሉ ግን ወደ ኋላ የቀረ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ፌዶራ ይመቻል።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ደግሞ ገንዘቡን ሳትከፍሉ ባዮሱን፣ ላፕቶፑ ሲበራ የሚገባበትን ማስተካከያ፣ ክፈቱ። የድሮው መሥሪያ ቤቱ በፓስወርድ ቆልፎት ከፍላሽ መነሣት የሚከለክል አለ። ያኔ የዲስትሮ ምርጫ ወሬ ብቻ ይሆናል።

ዳታውን አለማስላት

የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ ፋይል ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል። ሚንት የዚያን ግማሽ ያህል ነው። በሞባይል ጥቅል ለሚኖር ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የሚዘነጋው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው አፕዴት ነው። እንደ አርች ያሉት አፕዴታቸው ማለቂያ የለውም። ፌዶራ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፣ አንዱ እትም የሚደገፈውም 13 ወር ገደማ ነው። ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚደገፉ) የሚባሉት የኡቡንቱ እትሞች ግን ለ5 ዓመት በነፃ ይደገፋሉ። 24.04ም ሆነ በሱ ላይ የተሠራው ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ያስኬዳሉ። ዳታ ለሚቆጥር ሰው ምርጫው እዚህ ላይ አለቀ።

በሌሊት ጥቅል አውርዱ፣ ወይም ካወረደ ጓደኛ በፍላሽ ገልብጡ። ስትገለብጡ ግን የፋይሉን ኤስኤችኤ 256 ቁጥር፣ ፋይሉ ሙሉ መሆኑን የሚያሳየውን መለያ፣ ዲስትሮው ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ተቆርጦ የወረደ ፋይል መሐል መንገድ ላይ ነው የሚከዳው።

ከፍላሽ ሳይሞክሩ መጫን

ብዙዎቹ ዲስትሮዎች ሳይጫኑ ከፍላሽ ይሠራሉ። ፍላሹን ሩፈስ ወይም ቬንቶይ በሚባሉት ፕሮግራሞች አዘጋጁና አስነሡት። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ የስክሪን ብርሃን ሞክሩ። ላፕቶፑን ከድናችሁ መልሳችሁ ክፈቱ። ብሮድኮም ዋይፋይ ያለባቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ሾፌሩን (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ድራይቨር) ለብቻ ማውረድ ይፈልጋሉ። ለዚያ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል! መፍትሔው የአንድሮይድ ስልክን በገመድ አገናኝቶ ዳታውን ማጋራት ነው።

ዊንዶውስ ለምን እንደሚቀር አለማሰብ

የአካውንቲንግ ተማሪ ፒችትሪ ያስፈልገዋል። ቢሮ ውስጥ የሚጽፍ ሰው በፓወር ግዕዝ የለመደ ነው። እነዚህ የዊንዶውስ ናቸው። በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ሊኑክስ ላይ ስትከፍቱት፣ ፎንቱ በዓለም አቀፉ የፊደል አሠራር፣ በዩኒኮድ፣ ስላልተሠራ፣ ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ያወጣል። ሊብሬኦፊስ የወርድ ፋይል ይከፍታል፣ ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ገጾችን ሊያዛንፍ ይችላል። የመጨረሻውን እርማት ዊንዶውስ ላይ ጨርሱ።

በሊኑክስ አማርኛ መጻፍ ግን አያሳስባችሁ። አይባስ በሚባለው መሣሪያ የአማርኛ ኪቦርድ ይጨመራል፣ የአቢሲኒካ ፎንትም በነፃ ይገኛል።

ዲስኩን በችኮላ መንካት

መጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ቀጥሎ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የሆነው ቢትሎከር መብራቱን እዩ። አዳዲስ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ላይ ሳታውቁት በርቶ ሊገኝ ይችላል። የማስከፈቻው ቁልፍ 48 አኃዝ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠውም በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ያስተካከለላችሁ ሰው በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ከሆነ ጣጣው ብዙ ነው። ስለዚህ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ ወይም ቢትሎከርን አጥፉ።

ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውንም አጥፉ። እሱ እያለ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ሊኑክስም የዊንዶውሱን ዲስክ ለንባብ ብቻ ነው የሚከፍተው። የሲ ድራይቭን ቦታ ከዊንዶውስ ውስጥ ቀንሱ። ሊኑክስን በደንብ ልትሠሩበት ከሆነ 50 ጊጋ ልቀቁለት። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ካላችሁ ደግሞ መብራት በሚመላለስበት ቀን ይኼን ሥራ አትጀምሩት። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደብረ ሲና ያለ ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

ኢንስቶለሩ ሲጠይቃችሁ «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» የሚለውን ምረጡ። «ዲስኩን አጥፋ» የሚለው በላዩ ወይም በታቹ ተቀምጧልና በስህተት እንዳትነኩት። ዊንዶውሱን ጭራሽ ካላያችሁት ግን አትቀጥሉ። ፍላሹ በአዲሱ የመነሻ መንገድ በዩኢኤፍአይ ሳይሆን በአሮጌው መንገድ ተነሥቶ ወይም የኢንቴል የዲስክ አሠራር ባዮስ ውስጥ በርቶ ሊሆን ይችላል።

በሰዓቱ መደናገጥ

ሊኑክስ የኮምፒውተሩን ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ያስቀምጣል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአካባቢው አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ከፈረንጅ ጋር ያለን የ6 ሰዓት ልዩነት አልበቃ ብሎ! ሊኑክሱን የአካባቢ ሰዓት እንዲጠቀም ማዘዝ ይቻላል፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው።

ፍላሹን ማጥፋትና ሊኑክስን በጭፍን መሰረዝ

የዊንዶውስ አፕዴት አንዳንዴ የመነሻ ቅደም ተከተሉን ይቀይራል። በኦገስት 2024 የወጣ የዊንዶውስ የደኅንነት አፕዴትም ዱዋል ቡት ያደረጉ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ሊኑክሱ እንዳይነሣ አድርጎ ነበር። የጫናችሁበትን ፍላሽ በፊልም አትሙሉት፣ ለጥገና ያስፈልጋል።

ሊኑክሱ ካልተመቻችሁ ደግሞ ክፍልፋዩን ዝም ብላችሁ አትሰርዙ። ሲስተሙን የሚያስነሣው ግረብ የሚባል ፕሮግራም ፋይሎቹን አጥቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የዊንዶውስ ቡት ማናጀርን ከላይ አድርጉት፣ ዊንዶውስ በራሱ መነሣቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ ሰርዙ።