ለእናቴ ኢንሱሊን፦ ሚኒባሳችን ላይ ሶላር የገጠምኩበት መንገድ

እናቴ ስኳር አለባት። መስከረም 21 ደግሞ ግሸን ማርያምን ሳትሳለም መቅረት አይሆንላትም። ለሦስት ቀን መኪና ውስጥ እናድራለን። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በፊት በረዶ ይዘን እንወጣ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ውኃ ነው። «ልጄ፣ የተራራው ብርድ አይበቃውም ወይ?» ትለኝ ነበር። ሌሊቱስ ይበቃዋል። ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ግን ምጣድ ነው።

ደሴ ነው የምኖረው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ብዙ ሰው ጋራዥ መጥቶ «ስንት ዋት ሶላር ልግዛ?» ይለኛል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ምን እንደምታስነሱበት ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ።

የእኛ እንዲህ ነበር። በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ ሲነሳ 45 ዋት ይስባል። ሞተሩ እየተነሳ እያረፈ ነው የሚሠራው፤ ሲሶውን ጊዜ ብንይዝለት ከ24 ሰዓት 8 ሰዓት ነው፤ 45 ዋት በ8 ሰዓት ሲባዛ 360 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ሦስት ባለ5 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 75። አራት ስልክ 60 ገደማ። ድምሩ 500 አይሞላም፤ ለብክነቱ ጨምሬ 600 ያዝኩ።

በበጋ ፀሐይ አንድ ባለ200 ዋት ፓኔል በእኛ አካባቢ በቀን ወደ 700 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። አንድ ይበቃ ነበር፤ ሁለት የገጠምኩት ለመስከረም ደመና ብዬ ነው። የደሴ ብርድም ያግዛል። ፓኔል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲግል በእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። ለዚህ ነው ጣሪያው ላይ ማጣበቅን የማልመክረው። ፖርቶመጋላው ላይ በቡሎን እሰሩት፤ ከሥሩ አራት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ፣ ንፋስ ይለፍበት። ጣሪያውም ስለማይበሳ ክረምት ላይ አያፈስም። ገመድም ሆነ ሻንጣ ጥላ እንዳይጥልበት፤ ትንሽ ጥላ የፓኔሉን ሲሶ ልታጠፋ ትችላለች።

ባትሪ ላይ አትሰስቱ። ባለ12.8 ቮልት፣ ባለ100 አምፔር-ሰዓት ሊትየም ባትሪ 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ሁለት ደመናማ ቀን ያሳልፈኛል። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ይረክሳል፤ ግን ከግማሽ በታች ባወረዳችሁት ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፣ ስለዚህ እጥፉን መግዛት ነው። ሲሞላም ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚተኛበት ክፍል አላስቀምጠውም።

በፓኔሉና በባትሪው መካከል ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ማለትም ባትሪው የሚሞላበትን ኃይል የሚቆጣጠር ዕቃ ይገባል። 400 ዋት ለ12 ሲካፈል 33 አምፔር ነው፤ ባለ40 ግዙ። ስትገጥሙ ባትሪው ይቅደም፣ ፓኔሉ ይከተል። ስትፈቱ ግን ፓኔሉ ይቅደም።

ሽቦው ላይ አደራ። የመጀመሪያ ጊዜ ባለ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የቤት ሽቦ ነበር የዘረጋሁት፣ ያለ ፊውዝ። ሐይቅ ዳር አቁመን እኔ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ገባሁ። ሴት ስለማይገባ እናቴ ከዳር ተሳልማ መኪና ውስጥ ጋደም ብላለች። ስመለስ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። የሽቦው ልባስ ቀልጦ መዳቡ ታይቷል። እሷ እንቅልፍ ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከኮንትሮለር እስከ ባትሪ ባለ10 ሽቦ ነው የምዘረጋው፤ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ብዙ አያልፍም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ስንዝር ሳይርቅ ባለ50 አምፔር ፊውዝ አስገባለሁ። ፊውዝ የሌለው ሥራ ከእጄ አይወጣም።

ምጣድ አይታሰብም። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ12 ቮልት ሲሰላ ወደ 300 አምፔር ነው። ቡናው ከመኪናው ውጭ በከሰል ይፈላ። ብርዱ ቢጠናባችሁም ከሰሉን ወደ ውስጥ እንዳታስገቡ፤ ጭስ ባይታይም ጋዙ ሰው ይገድላል።

ፍሪጁን 5 ዲግሪ ላይ አድርጉት። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም፣ ይጣላል። ግድግዳውን እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልሉት።

መኪናውን ራሱንስ ፀሐይ ትነዳዋለች ወይ? የኔዘርላንዱ አይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ስቴላ ቪታ የሚባል የፀሐይ ቤት-መኪና ሠርተው እስከ ስፔን ጫፍ፣ እስከ ታሪፋ ነድተዋል። ሲቆም ጣሪያው ይዘረጋና 17.5 ካሬ ሜትር ፓኔል ይሆናል። የእኔ ሁለት ፓኔሎች ግን ቀኑን ሙሉ ሰብስበው አንድ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ቢያስኬዱ ነው።

እኔ ተስፋ የማደርገው ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ስንወርድ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ እንላለን። ሁለት ቶን መኪና በዚያ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት 3 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ነው፤ ፓኔሎቼ በሁለት ቀን የሚሰበስቡት ማለት ነው። ዛሬ በፍሬን ሸራ አግለን እንበትነዋለን። የኤሌክትሪክ መኪና ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። የቀረውን ከሶኬት ይሞላል፤ የሀገራችን መብራት ደግሞ አብዛኛው ከውኃ ነው የሚመጣው። ቀጣዩ መኪናችን ኤሌክትሪክ ከሆነ ሁለቱን ፓኔሎች ፈትቼ እሱ ላይ እሰቅላቸዋለሁ፣ ለፍሪጁ።